መልእክትን በንግግርና በምስል በግልጽ ማቅረብ፦ ለጤና ተማሪዎች የሚሰጥ ትምህርት በወላይታ ምሳሌነት

መግቢያ

የጤና ባለሙያ የሥራ ቀኑን ሰፊ ክፍል የሚያሳልፈው በመናገርና በማሳየት ነው። ለታካሚ የመድኃኒት አወሳሰድ ያስረዳል፤ በጠዋት ርክክብ የሕሙማንን ሁኔታ ለባልደረቦቹ ያቀርባል፤ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ተራቸውን ለሚጠብቁ ሰዎች የጤና ትምህርት ይሰጣል፤ በወረዳና በዞን ስብሰባዎች ላይ የሩብ ዓመት አፈጻጸምን በግራፍ ያሳያል። ይሁን እንጂ ይህን ሙያዊ ተግባር ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው የሴሚናር ተራው ሲደርስ ከእርሱ በፊት የነበሩት ያደረጉትን በመመልከት ነው። የቀደሙት በጽሑፍ የተጨናነቀ ስላይድ እያነበቡ ከጨረሱ እርሱም እንዲሁ ያደርጋል።

ግልጽ ገለጻ እንደ ተሰጥዖ ወይም እንደ ማሳመሪያ ጌጥ ሲቆጠር ይታያል። በተግባር ግን እንደ ቁስል ማጠብ ወይም መርፌ መውጋት ደረጃ በደረጃ ሊማሩት፣ ሊለማመዱትና ሊመዘኑበት የሚቻል ክህሎት ነው። ጉድለቱም እንደ ሌሎቹ ክህሎቶች ጉድለት ሰውን ይጎዳል። ይህንን ለማሳየት በወላይታ ዞን በስፋት ከሚታየው የእግር ዝሆኔ በሽታ ማለትም ከፖዶኮኒዮሲስ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በዚህ በሽታ ላይ በሚገባ ያልተመረጠ አንድ ቃል የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ሊያናጋ ይችላል።

የወላይታ ሁኔታ

ፖዶኮኒዮሲስ በባክቴሪያ፣ በቫይረስ ወይም በጥገኛ ትል የሚመጣ በሽታ አይደለም። በከፍተኛ ሥፍራዎች በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መፈራረስ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች ላይ ይታያል። በአፈሩ ውስጥ የሚገኙ ረቂቅ የማዕድን ብናኞች በቆዳ ዘልቀው ገብተው የሊምፍ ሥሮችን ያስቆጣሉ፤ ውሎ አድሮም እግር ያብጣል፣ ቆዳውም ይሻክራል። በሽታውን ቀድሞ መከላከል ይቻላል፤ ከጀመረ በኋላም እግርን በሳሙናና በውኃ አዘውትሮ በማጠብ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር በማድረቅ፣ ቆዳን በቅባት በማለስለስ፣ በፋሻ በመጠቅለል፣ እግርን ከፍ አድርጎ በማሳረፍ፣ ካልሲና ጫማ በማድረግ ጉዳቱ ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የዳሰሳ ጥናት በወላይታ ዞን የበሽታውን ስርጭት 5.46 በመቶ አድርጎ አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሕሙማን ከሥራ ጊዜያቸው 45 በመቶ የሚሆነውን እንደሚያጡና 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በነበረው ዞን በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካን ዶላር በላይ እንደሚያሳጣ ገምቷል። ከኢኮኖሚው ጉዳት ባልተናነሰ የሚከብደው መገለሉ ነው። ሕሙማን ከጋብቻ፣ ከትምህርት ቤትና ከማኅበራዊ ስብሰባ ሲርቁ፣ ጤነኛ የሆኑ የቤተሰባቸው አባላትም የትዳር አጋር ለማግኘት ሲቸገሩ በጥናቶች ተመዝግቧል።

ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው፣ በዞኑ የጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገው ጥናት ነው። ከተጠየቁት ባለሙያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፖዶኮኒዮሲስን ተላላፊ በሽታ አድርገው ይቆጥሩት ነበር፤ ሕሙማንን ሲረዱ እንዳይዛቸው የሚሰጉም ነበሩ። ስለዚህ የተሳሳተው መልእክት የሚነሣው ከገጠሩ ነዋሪ ብቻ አልነበረም። ባለሙያው ራሱ በትምህርት ዘመኑ ነገሩ በግልጽ ካልቀረበለት ለሌላው በግልጽ ሊያቀርብ አይችልም።

የቃላት ወጥመድ

ተማሪዎች ስለዚህ በሽታ ገለጻ ሲያዘጋጁ በመጀመሪያ የሚገጥማቸው እንቅፋት የሚገኘው በቋንቋው ውስጥ ነው። በአማርኛ ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ በሽታ «ተላላፊ» ይባላል፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደው ደግሞ «በዘር የሚተላለፍ» ይባላል። ሁለቱም አገላለጾች ከአንድ ግሥ የወጡ ናቸው። «በሽታው ተላላፊ አይደለም፤ ነገር ግን በዘር የሚተላለፍ ተጋላጭነት አለው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሳይንስ ረገድ ስሕተት የለበትም። አድማጩ ይዞት የሚሄደው ግን «ይተላለፋል» የሚለውን ሊሆን ይችላል።

«ዘር» የሚለው ቃልም ቀላል አይደለም። ጋብቻ ሲታሰብ የወገን ጉዳይ በሚጠየቅበት ማኅበረሰብ ውስጥ «በዘር ነው» ማለት መላውን ቤተሰብ በአንድ ቃል መፈረጅ ነው። በዞኑ የበሽታውን የዘረመል መንስኤ ለማጥናት በተዘጋጀ ጊዜ ይኸው ችግር ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተሙት ጽሑፎች እንደሚያሳዩት፣ ተመራማሪዎቹ የተሳታፊዎችን ፈቃድ ከመጠየቃቸው አስቀድሞ ማኅበረሰቡ ጥናቱን እንዴት እንደሚረዳው መረመሩ። ስለ ቤተሰብ የሚቀርቡ ጥያቄዎች መገለሉን ሊያባብሱ እንደሚችሉም ተገነዘቡ። በመሆኑም የአፈርና የተጋላጭነት ጥምር ድርሻ ጎልቶ እንዲነገር፣ ማብራሪያውም ማኅበረሰቡ በሚያምናቸው ሰዎች እንዲሰጥ ተመከረ። ከዚያ በኋላ በደቡብ ኢትዮጵያ በተሰበሰበ ናሙና ላይ የተደረገው የዘረመል ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ታትሟል።

ሌላው አሳሳች ቃል የበሽታው ስም ነው። «ዝሆኔ» የሚለው መጠሪያ ፖዶኮኒዮሲስንም፣ በትንኝ አማካይነት በሚተላለፍ ጥገኛ ትል የሚመጣውን ሊምፋቲክ ፊላሪያሲስንም ያመለክታል። ስለ አንዱ የተሰማው ለሌላው ሲሰጥ አድማጩ በከፍተኛው ሥፍራ አጎበር የሚሰቅለው ዝሆኔን ለመከላከል ይመስለዋል፤ ጫማውን ግን ይረሳዋል። ስለዚህ ተማሪው ገለጻውን ከመጀመሩ በፊት «በዚህ ርዕስ ውስጥ ሁለት ነገር የሚሰየምበት አንድ ቃል አለ ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማስለመድ ይገባል።

ሰሚውንና የሚጠበቀውን ተግባር መለየት

የገለጻ ትምህርት ከስላይድ አሠራር መጀመር የለበትም። ተማሪው አስቀድሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ «ይህንን የሚሰማው ማን ነው? ከሰማ በኋላስ ምን እንዲያደርግ ወይም ምን እንዲወስን ይፈለጋል?» የሚል ነው።

ከላይ የተጠቀሱት አኃዞች ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ናቸው። የዞኑን በጀት ለሚያዘጋጁ ኃላፊዎች 16 ሚሊዮን ዶላርና 45 በመቶ የሥራ ጊዜ ወሳኝ ናቸው፤ ምክንያቱም የሕክምናና የጫማ አቅርቦት ወጪን ከጉዳቱ ጋር ማመዛዘን ያስችላሉ። ለጤና ጣቢያ ባለሙያ የስርጭቱ መጠንና የመጀመሪያ ምልክቶች ይበልጡበታል፤ ሕመምተኛው ሳይባባስበት እንዲለየው ይረዱታልና። እግሯ ማበጥ ለጀመረባት ወጣት ግን ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም አያስፈልጋትም። እርሷ ማወቅ ያለባት ሦስት ነገር ነው፤ ከእርሷ ወደ ማንም እንደማይጋባ፣ ዛሬ ማታ እግሯን እንዴት እንደምታጥብ፣ ጫማና ክትትል የት እንደምታገኝ።

አንድ ተማሪ ለሦስቱም አድማጮች ያንኑ ስላይድ ይዞ ከቀረበ መረጃው ትክክል ቢሆንም ገለጻው አልተዘጋጀም ማለት ነው።

የንግግር አቀራረብ

በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል መጠበቂያ ሥፍራ የሚሰጥ የጠዋት የጤና ትምህርት ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ አድማጮቹም ሕመም ያለባቸው፣ ልጅ የታቀፉ፣ ስማቸው እስኪጠራ የሚጠባበቁ ናቸው። ተማሪዎች ዘወትር የሚያዘጋጁት አጀማመር እንዲህ ያለ ነው፦ «ፖዶኮኒዮሲስ ከፊላሪያ ውጪ የሆነ የሊምፍ ሥርዓት መታወክ ሲሆን መንስኤው የሲሊኬት ማዕድን ብናኞችና የጄኔቲክ ተጋላጭነት መስተጋብር ነው።» ይህ ለፈተና መልስ ያገለግላል። ለመጠበቂያ ሥፍራ የሚስማማው ከዚህ የተለየ ነው፦

«እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አደራችሁ? ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቀይ አፈር ምክንያት ስለሚመጣው የእግር እብጠት። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ከታመመ ሰው ጋር ብትበሉ፣ አብራችሁ ብትቀመጡ፣ እግሩን ብታጥቡለት አይዛችሁም። የሚመጣው ባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ብዙ ዓመት ሲቆይ ነው። የአንዳንዱ ሰው እግር አፈሩን አይችለውም፤ ጫማ ያደረገ ግን ይጠበቃል። ልጆቻችሁ መራመድ ሲጀምሩ ጫማ ይጀምሩ። እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰው ካለ ሳይደበቅ ይምጣ፤ እብጠቱን የሚቀንስ እንክብካቤ እናሳየዋለን።»

በዚህ አቀራረብ ውስጥ ተማሪው ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ዋናው መልእክት በመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ተነግሯል፤ ስሙ ተጠርቶ የሚነሣ ሰው እንኳ ሰምቶት ይሄዳል። «አይጋባም» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግር የታወቀ በመሆኑ «ተላላፊ አይደለም» ከሚለው ይሻላል። የዘረመሉ እውነታ አልተደበቀም፤ ነገር ግን «የአንዳንዱ ሰው እግር አፈሩን አይችለውም» በሚል ቤተሰብን በማይፈርጅ አነጋገር ተገልጾ ወዲያው ከመከላከያው ጋር ተያይዟል። ፍጹም ፈውስ ተስፋ አልተሰጠም፤ እንክብካቤው እንደሚቀንሰው ግን ተነግሯል። ከሚገባው በላይ ተስፋ የሰጠ ገለጻ ባለሙያውን እምነት ያሳጣዋል፤ ተስፋ ያስቆረጠ ገለጻ ደግሞ ሕመምተኛውን ቤት ውስጥ ያስቀረዋል።

በአስተርጓሚና በሌላ ፊደል

ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመ ሲሆን እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተመደቡ ተማሪዎችን ያስተምራል። ስለዚህ በማስተማሪያ ሆስፒታሉና በጤና ጣቢያዎች የሚለማመድ ተማሪ ወላይትኛ ላይናገር ይችላል። በአስተርጓሚ መናገር ራሱን የቻለ ልምምድ ይጠይቃል። ተናጋሪው አንድ ሐሳብ ተናግሮ ማቆም፣ ፊቱን ወደ አስተርጓሚው ሳይሆን ወደ ታካሚው ማዞር፣ አስቸጋሪ ቃላትን ከአስተርጓሚው ጋር አስቀድሞ መስማማት አለበት። መገለል በሚያስከትል በሽታ ላይ ልጅን ወይም ጎረቤትን አስተርጓሚ ማድረግ ምሥጢርን ማባከን ነው።

በጽሑፍ የሚቀርበውም ጥንቃቄ ይሻል። ወላይትኛ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በዕድሜ የገፉት የተማሩ ሰዎች ግን ማንበብ የለመዱት በግዕዝ ፊደል ነው። አንድ ፖስተር በአንደኛው ፊደል ብቻ ሲዘጋጅ ከአንድ ቤት ውስጥ አያትን ወይም የልጅ ልጅን ይተዋል። የቋንቋ ጉዳይ በአካባቢው ምን ያህል እንደሚከብድም የቅርብ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ወላይትኛን ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ጋር አቀላቅሎ በተዘጋጀው «ወጋጎዳ» በተባለው የመማሪያ መጽሐፍ የተነሣ በሶዶ ጠንካራ ተቃውሞ ተቀስቅሶ መጽሐፉ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ተደርጓል። ስለሆነም የጤና ጽሑፍ በአካባቢው ተናጋሪዎች ሳይነበብና ሳይታረም መታተም አይኖርበትም።

ሥዕልና ፎቶግራፍ

«ማንበብ ለማይችል ሰው ሥዕል ይበቃዋል» የሚለው አስተሳሰብ በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በኔፓል ገጠር በዩኒሴፍ ተሳትፎ የተደረገ ጥናት ግን ሥዕል ማንበብም እንደ ፊደል የሚለመድ ነገር መሆኑን አሳይቷል። ብዙ የገጠር ነዋሪዎች በሥዕሉ ላይ ያለውን ነገር ቢለዩም ሊነገራቸው የተፈለገውን መልእክት አላገኙትም ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ ተማሪው የሠራውን ሥዕል ራሱ ሊፈትነው ይገባል። ከአካል ተለይቶ ለብቻው የተሳለ እግር የተቆረጠ እግር ሊመስል ይችላል። በነገር ላይ የተደረገ የኤክስ ምልክት «አታድርጉ» ማለት መሆኑን ሁሉም ሰው አያውቅም። ከግራ ወደ ቀኝ የተደረደሩ የእጥበት ደረጃዎች ማንበብ ለለመደ ሰው ግልጽ ናቸው፤ ላልለመደው ግን ቅደም ተከተላቸው ሊጠፋው ይችላል። ጣትን የማይሸፍን በረባሶ በሥዕሉ ላይ «ጫማ» ተብሎ ከቀረበ ትምህርቱ ይፈርሳል፤ እግርን ከአፈር የሚከልለው የተሸፈነ ጫማ ነውና።

የፎቶግራፍ ምርጫ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ተማሪዎች የአድማጩን ቀልብ ለመሳብ እጅግ የተጎዳውን እግር መርጠው ያሳያሉ። ውጤቱ ግን ሁለት ጉዳት ነው። በሽታው ገና የጀመረው ሰው «የእኔ እንዲህ አይደለም» ብሎ ይዘናጋል፤ የጠናበት ደግሞ ራሱን ለመሸማቀቂያ የቀረበ አድርጎ ያያል። የተሻለው የመጀመሪያ ምልክቶችን፣ እንክብካቤ ሲደረግ የሚታየውንና ከሕክምና በኋላ ሥራውን የሚሠራውን ሰው ማሳየት ነው። ፎቶግራፉ ከባለቤቱ ፈቃድ ውጪ መነሣት፣ ፊትም መታየት የለበትም። ፈቃዱ ለመማሪያ ክፍል የተሰጠ እንደሆነም ለአደባባይ ፖስተር የተሰጠ ተደርጎ አይወሰድም።

ቁጥርና ግራፍ

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1858 በክሪሚያ ጦርነት የሞቱትን የእንግሊዝ ወታደሮች በሥዕላዊ ሰንጠረዥ ያቀረበችው አብዛኞቹ የሞቱት በቁስል ሳይሆን መከላከል በሚቻል በሽታ መሆኑን ባለሥልጣናት በአንድ ዕይታ እንዲረዱት ነበር። የግራፍ ዓላማ ዛሬም ይኸው ነው። የትኛው ዓይነት ግራፍ እንደሚሻል ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ክሊቭላንድና መጊል ባሳተሙት ጥናት መሠረት የሰው ዓይን በአንድ መስመር ላይ የተቀመጡ ነጥቦችን ወይም ዓምዶችን ሲያነጻጽር እጅግ ትክክል ይሆናል፤ የክብ ቁራጮችን ስፋትና ማዕዘን ሲያነጻጽር ግን ይሳሳታል። ስለዚህ በየሪፖርቱ የሚበዛው ባለብዙ ቀለም ክብ ግራፍ አብዛኛውን ጊዜ በተራ ዓምድ ቢተካ ይሻላል።

ቁጥርን ወደ ሰው መለወጥም መማር ያስፈልጋል። «5.46 በመቶ» የሚለው ለሪፖርት ተገቢ ነው፤ ለስብሰባ «ከ18 ሰዎች አንዱ ያህል» ሲባል ግን ሰሚው የራሱን ጎረቤቶች መቁጠር ይጀምራል።

ግራፍ እንዴት እንደሚያሳስት ለማስተማር በምሥራቅ ጎጃም የተደረገው ሙከራዊ ጥናት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው በዚህ ጥናት 696 የፖዶኮኒዮሲስ ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ የእግር እንክብካቤውን ወዲያው ጀመሩ፤ የቀሩት ቆይተው እንዲጀምሩ ተደረገ። እግር በድንገት እየተቆጣ ከባድ ሕመም የሚያስከትልበት ጊዜ በመጀመሪያው ቡድን በሰው በዓመት 19.4፣ በሁለተኛው 23.9 ሆነ። ተማሪው ዓምዶቹን ከዜሮ አስነሥቶ ቢሥል ልዩነቱ እንደ እውነቱ አንድ አምስተኛ ያህል ሆኖ ይታያል። ከ18 አስነሥቶ ቢሥል ግን አንዱ ዓምድ ከሌላው ከ4 እጥፍ በላይ ይረዝማል። ቁጥሮቹ አልተለወጡም፤ ዓይን ግን ተታሏል። እንዲሁም ይህን ውጤት «ሕመሙ ከ23.9 ወደ 19.4 ወረደ» ብሎ ማቅረብ ስሕተት ነው፤ የተነጻጸሩት ሁለት ቡድኖች እንጂ አንድ ቡድን በፊትና በኋላ አይደለምና።

ስላይድን በሚመለከት አንድ ስላይድ አንድ ሐሳብ ቢይዝና ርዕሱ «ውጤት» ከሚል ባዶ ቃል ይልቅ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ቢሆን ይመረጣል። ለምሳሌ «እንክብካቤ የጀመሩት ሕሙማን ድንገተኛ ሕመም የገጠማቸው ባነሰ ቁጥር ነው» የሚል ርዕስ አድማጩ በግራፉ ላይ ምን መፈለግ እንዳለበት ይነግረዋል። መብራት በሚቋረጥበት ሁሉ ገለጻው እንዳይቋረጥም ዋናውን ግራፍ በሰሌዳ ወይም በፍሊፕ ቻርት ላይ በእጅ መሣል የሚችል ተማሪ ማፍራት ያስፈልጋል። በእጅ ሊሣል የማይችል ግራፍ ምናልባት ከሚገባው በላይ የተወሳሰበ ነው።

ልምምድና ምዘና

ይህ ሁሉ በአንድ ንግግር አይያዝም። መምህራን በተለመዱት የትምህርት ሰዓቶች ውስጥ ሊያካትቱት የሚችሉት ቀላል ሥርዓት የሚከተለው ነው።

1. ተማሪው አንድን ርዕስ ለታካሚ በ3 ደቂቃ፣ ለባልደረባ በ5 ደቂቃ፣ ለአስተዳደር ኃላፊ በ2 ደቂቃ እንዲያቀርብ ይታዘዛል።

2. ለታካሚ የተዘጋጀውን ገለጻ ከሕክምና ሙያ ውጪ የሆኑ ሦስት ሰዎች፣ ለምሳሌ የጽዳት፣ የጥበቃና የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ በፈቃዳቸው ይሰሙታል።

3. ተማሪው ሥዕሉን ያለ ማብራሪያ አሳይቶ «ምን ይታይዎታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተሰጠውን መልስ ሳያርም ይመዘግባል።

4. ሰሚዎቹ የሰሙትን መልሰው እንዲናገሩ ይጠየቃሉ፤ ያልተመለሰው ነገር ተስተካክሎ ገለጻው በሌላ ቀን ይደገማል።

በአራተኛው ላይ የአጠያየቅ ስልት ወሳኝ ነው። «ገባዎት?» ለሚል ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ «አዎ» ነው፤ ባለሙያን አለማሳፈር ጨዋነት ነውና። «እኔ በደንብ ማስረዳቴን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ እንዴት ብለው ይነግሯቸዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ፈተናውን ከታካሚው ላይ አንሥቶ በራሱ ላይ ያደርገዋል።

ምዘናውም ከዚህ ጋር መጣጣም አለበት። የቀለም አመራረጥንና የድምፅ አወጣጥን ብቻ የሚመዝን መምህር ተማሪው በእነዚያ ላይ እንዲደክም ያደርገዋል። ከጠቅላላው ነጥብ ግማሹ ሰሚዎች መልሰው በተናገሩት ቢሰጥ ተማሪው ትኩረቱን ወደ ሰሚው ለመመለስ ይገደዳል።

ማጠቃለያ

የወላይታ ምሳሌ እንደሚያስረዳው ግልጽነት ከቃላት ማሳጠር ወይም ከስላይድ ማሳመር ያለፈ ጉዳይ ነው። ሰሚው የሚወስነውን ለይቶ ማወቅ፣ በጆሮ የሚምታቱ ቃላትን መለየት፣ ሥዕልን ከማሳየት በፊት መፈተን፣ ቁጥርን ሳያዛቡ ማቅረብና በመጨረሻም ሰሚው ምን እንደሰማ መጠየቅ የአንድ ክህሎት ክፍሎች ናቸው። ይህንን ሳይማር የተመረቀ ባለሙያ «ተላላፊ» እና «በዘር የሚተላለፍ» የሚሉትን አቀላቅሎ በተናገረ ቁጥር አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት ልትቀር፣ አንድ ሕመምተኛም ከሕክምና ሊርቅ ይችላል። ሳሙና፣ ውኃና ጫማ የሚበጁት በሽታው እንደማይጋባና እንደሚታከም የተረዳ ሰው ሲጠቀምባቸው ነው፤ ያንን መረዳት የማድረስ ኃላፊነትም ከሕክምናው ተለይቶ የሚታይ አይደለም።